የላሜራ ቀዳዳ፦ ከሪቬት እስከ ካርቦን ፋይበር

ላሜራ ሲበሳ በውስጡ የሚያልፈው ኃይል መንገዱን ይቀይራል። ከሁለት ጫፍ የሚጎተት ብረት መሐሉ ላይ ቀዳዳ ካለው፣ በዚያ ቦታ ሊያልፍ የነበረው ኃይል ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይገፋና በቀዳዳው ጠርዝ አጠገብ ይጨናነቃል። ጠርዙ ከሌላው የላሜራ አካል ይልቅ እጅግ የሚወጠረው ለዚህ ነው። ያም ሆኖ ሳይበሱ መሥራት አይቻልም፤ ብሎን የሚገባው፣ ሽቦ የሚያልፈው፣ ነዳጅ ከክፍል ወደ ክፍል የሚፈስሰው፣ የአውሮፕላን ተሳፋሪ ወደ ውጭ የሚያየው በቀዳዳ ነው። ይህ የጠርዝ ጉዳይ ወሎን ያገኘው በሁለት በኩል ነበር፤ ከአሰብ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ደሴ በሚወጣው የጭነት መኪና መንገድና በኮምቦልቻ አየር ማረፊያ።

ነገሩን መጀመሪያ በቁጥር ያስቀመጠው ጀርመናዊው መሐንዲስ ኤርንስት ጉስታቭ ኪርሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898፣ ከዓድዋ ድል ሁለት ዓመት በኋላ፣ ክብ ቀዳዳ ያለው ሰፊ ሰሌዳ ሲጎተት በቀዳዳው ጠርዝ ላይ የሚፈጠረው ውጥረት ራቅ ብሎ ካለው ውጥረት 3 እጥፍ መሆኑን በሒሳብ አሳየ። የዚህ ስሌት ሁለት ውጤቶች ለጥገና ሰው ከሁሉ ይበልጣሉ። ቀዳዳው ከሰሌዳው ስፋት አንጻር ትንሽ እስከሆነ ድረስ 3 የሚለው ቁጥር በቀዳዳው መጠን አይለወጥም፤ ጠባቡም ሰፊውም ያው 3 ነው። ሁለተኛው፣ ጭማሪው ከጠርዙ በራቁ ቁጥር በፍጥነት ይቀንሳል፤ የቀዳዳውን ሬዲየስ ያህል ብቻ ከጠርዙ ሲርቁ ውጥረቱ ወደ 1.2 እጥፍ ይወርዳል። እንግዲህ ማጠናከሪያ የሚሻው ሰሌዳው በሙሉ ሳይሆን በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ጠባብ ቀለበት ነው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣው ማጠናከሪያ ሁሉ፣ ብረትም ሆነ ፋይበር፣ በዚህ ቀለበት ላይ የተደረገ ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1913 እንግሊዛዊው ቻርልስ ኢንግሊስ ስሌቱን ከክብ ወደ ሞላላ ቀዳዳ አሳደገው። ሞላላው ወደ ጉተታው አቅጣጫ ቢተኛ ጉዳቱ ይቀንሳል፤ ጉተታውን አቋርጦ ቢተኛ ግን ጫፉ በሾለ መጠን ውጥረቱ ይከማችበታል። ስንጥቅም እጅግ የሾለ ሞላላ ቀዳዳ ነው። የብየዳ ባለሙያዎች ስንጥቅ እንዳይገፋ ጫፉን በትራፓኖ የሚበሱት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ክብ ቀዳዳ ከሾለ ጫፍ ይሻላል። ኢንግሊስ ያሰበው ለመርከብ ላሜራዎች ነበር። በዚያ ዓመት ደሴ የራስ ሚካኤል መቀመጫ ነበረች፤ ከባሕር ጠረፍ ወደ ከተማዋ ጭነት የሚያመጡት ግመልና በቅሎ ነበሩ፤ የላሜራ ድካም የሚባል ችግር ገና ደጃፏ አልደረሰም።

የደረሰው ከጦርነት ጋር ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ንጉሠ ነገሥቱ በነበሩበት ሰዓት ደሴን በቦምብ ደበደቡ፤ ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር ከተማዋን ያዘ። በአምስቱ የወረራ ዓመታት ከአዲስ አበባ በደሴ ወደ አስመራ የሚወስደው መንገድ ተሠራ፤ ከአሰብ በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ላይ የሚገናኘው መንገድም ተከፈተ። ደሴ ከተያዘች ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ የኢጣሊያ ጦር ከኮምቦልቻ በላይ ባሉት ኮረብቶች ተሸንፎ ደሴን ለቀቀ፤ መንገዱ ግን ቀረ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ይገኛሉ፤ በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ አለ። ከአሰብ የተነሣ መኪና ከባሕር ጠርዝ ጀምሮ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ባቲን ወጥቶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ፣ በመጨረሻ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ይገጥም ነበር።

ለከባድ መኪና ሻንሲ ከዚህ የበለጠ ፈተና አይገኝም። ሻንሲ ማለት ከወፍራም ላሜራ በላቲኑ ‹C› ቅርጽ የታጠፉ ሁለት ረጃጅም አካላት በመስቀለኛ ብረቶች የተያያዙበት ነው። የባሌስትራ ማሰሪያ፣ የነዳጅ ታንከር ማቀፊያ፣ የጭነት ሳጥን መቆንጠጫ ሁሉም በብሎን ወይም በሪቬት ይታሰሩበታል፤ እያንዳንዱም ቀዳዳ ይፈልጋል። አምራቾቹ ቀዳዳውን የሚበሱት በቆመው ጎን መሐል ላይ ነው፤ ሻንሲው ሲታጠፍ በዚያ ቦታ ውጥረቱ አነስተኛ ስለሆነ። ከላይና ከታች ያለውን ከንፈር መብሳት ግን በመመሪያቸው ይከለክላሉ። ‹ኤንትሬ› ተብሎ የሚታወቀው የፊያት መኪና በአገሪቱ መንገዶች ላይ በነገሠባቸው ዓመታት ሳጥን ሲረዝም፣ ባሌስትራ ሲደረብ፣ አዲስ መያዣ ሲገባ፣ ከንፈሩም እየተበሳ ነበር። ጭነቱም ከተፈቀደው በላይ ነበር። ብረት በአንድ ጊዜ ሸክም ባይሰበር እንኳ፣ በመቶ ሺዎች ጊዜ ከፍ ዝቅ በሚል ውጥረት ይደክማል፤ ስንጥቁም የሚጀምረው ኪርሽ ከተናገረለት ጠርዝ ነው።

የጋራዡ መድኃኒት ብየዳ ነበር፤ ዛሬም እንዲሁ ነው። ስንጥቁ በግራይንደር ይከፈታል፣ ጫፉ ይበሳል፣ በኤሌክትሮድ ይሞላል፣ በላዩ ላሜራ ይደረባል። የሠለጠነ በያጅ የሚደርበውን ላሜራ ጫፍ ቀጥ አድርጎ አይቆርጥም፤ ሰያፍ ወይም ሹል ያደርገዋል። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ድርብ ላሜራ ግትር ስለሆነ ኃይሉን በአንድ መስመር ላይ በድንገት ይቀበላል፤ የዛሬው ስንጥቅ ተደፍኖ በሚቀጥለው ዓመት ከድርቡ ጫፍ አጠገብ ሌላ ይወጣል። ከዚህም ሌላ የብየዳው ሙቀት በዙሪያው ያለውን ብረት ጠባይ ይለውጠዋል፤ ሲቀዘቅዝም በውስጡ የሚቀር ውጥረት ይተዋል። ይህን ሁሉ ድካም የሚያስቀር ነገር ቢኖር፣ አዲስ ቀዳዳ ሳይበሳና ብረቱ ሳይቀልጥ ከጠርዙ ላይ ሸክም የሚያነሳ ልጣፍ ነበር። እንዲህ ያለው ልጣፍ የተወለደው ግን ከመኪና ጋራዥ ሳይሆን ከአውሮፕላን ማደሪያ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 21 ቀን 1945 ነው፤ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ሚያዝያ 8 ቀን 1946 በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ነበር። አውሮፕላኖቹ ከጦርነቱ የተረፉ ሲ-47ዎች፣ ማለትም የዲሲ-3 ወታደራዊ ዓይነቶች ነበሩ፤ በአገር ውስጥ ከሚያርፉባቸው ሜዳዎች አንዱ ኮምቦልቻ ሆነ። የዲሲ-3 ገላ በሪቬት የተያያዘ ቀጭን የአሉሚኒየም ላሜራ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች አሉበት፤ ነገር ግን ውስጡ በአየር ግፊት ስለማይነፋ ገላው በየበረራው አይወጠርም። ድንጋይ የመታው ወይም የተሰነጠቀ ላሜራ ቢኖር በላዩ ሌላ ላሜራ ተደርቦ በሪቬት ይታሰራል። ይህ የአሉሚኒየም ድርብ ለረጅም ጊዜ የአውሮፕላን ጥገና ዋና ዘዴ ሆኖ ኖሯል፤ ጉድለቱም ግልጽ ነው፤ አንዱን ቀዳዳ ለማዳን ሃያ ሌሎች ቀዳዳዎች ይበሳሉ።

በጄት ዘመን መግቢያ ይህ ጉድለት በሰው ሕይወት ተከፈለበት። የብሪታንያው ኮሜት የተባለው ጄት በከፍታ ስለሚበር ውስጡ በግፊት ይነፋል፤ ገላው በየበረራው አንድ ጊዜ ተነፍቶ አንድ ጊዜ ይተነፍሳል። እ.ኤ.አ. ጥር 10 እና ሚያዝያ 8 ቀን 1954 ሁለት ኮሜቶች በሜዲትራኒያን ላይ በአየር ላይ ተበታተኑ። በፋርንቦሮ የምርምር ተቋም ሌላ ኮሜት ውኃ ውስጥ ተነክሮ ገላው በውኃ ግፊት እየተነፋና እየተነፈሰ ተፈተነ፤ ከ3,000 በላይ ዙሮች በኋላ ከመስኮት ቀዳዳ ጥግ ተሰንጥቆ ተከፈተ። ከባሕር ከወጣው ስብርባሪም ስንጥቁ በጣሪያው ላይ ለሬዲዮ አንቴና ከተከፈተ መስኮት ጥግ፣ ከአጠገቡ ካለ የማያያዣ ቀዳዳ መነሣቱ ታወቀ። በትልቁ ቀዳዳ ጥግ ላይ የተከማቸው ውጥረት በትንሹ ቀዳዳ ላይ እንደገና ተባዝቷል። ከዚያ በኋላ የተሠሩ ጄቶች መስኮቶቻቸው ክብ ጥግ ያላቸውና በወፍራም ክፈፍ የተደገፉ ሆኑ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በእ.ኤ.አ. 1962 መጨረሻ ላይ የተረከባቸው ቦይንግ 720ቢ አውሮፕላኖችም የዚህ ትምህርት ወራሾች ነበሩ።

በዚያው ዘመን ሌላ ዓይነት ቁስ እየተዘጋጀ ነበር። የመስታወት ፋይበር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካ በፋብሪካ ደረጃ መመረት ጀምሯል፤ ኢፖክሲ ሬዚንም ከዚያው አሥርት ዓመት የምርምር ሥራ የተገኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ጃፓናዊው አኪዮ ሺንዶ ከሰው ሠራሽ የጨርቅ ክር ካርቦን ፋይበር አወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ የፋርንቦሮ ተመራማሪዎች ጥንካሬውን በእጅጉ ከፍ አደረጉት። አንድ የካርቦን ፋይበር ውፍረቱ 7 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ቦሮን ፋይበር ደግሞ በቀጭን የተንግስተን ሽቦ ላይ ቦሮን ከጋዝ እየተጋገረ የሚሠራ ሲሆን ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ይደርሳል፤ እንደ ክር አይታጠፍም፣ ይሰበራል። ፋይበሮቹ ጎን ለጎን ተደርድረው በሬዚን ሲያያዙ በርዝመታቸው አቅጣጫ የሚያሳዩት ግትርነት ለመስታወቱ ወደ 40፣ ለካርቦኑ ወደ 140፣ ለቦሮኑ ወደ 200 ጊጋፓስካል ነው። አሉሚኒየም 70፣ ብረት 200 መሆናቸው ሲታሰብ፣ ከአሉሚኒየም በሦስት እጥፍ የሚገትር ስስ ልጣፍ ምን ሊሠራ እንደሚችል ይገባል።

ይህ ግትርነት ግን በፋይበሩ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ቀዳዳን በተመለከተም ከባዱ ነገር እዚህ ላይ ነው። ሩሲያዊው ሰርጌይ ሌኽኒትስኪ በየአቅጣጫው የተለያየ ጠባይ ላላቸው ሰሌዳዎች የኪርሽን ስሌት አስፋፍቶ ነበር። በእሱ ቀመር ሲሰላ፣ ፋይበሮቹ በሙሉ ወደ ጉተታው አቅጣጫ የተደረደሩበት የካርቦን ሰሌዳ ሲበሳ በጠርዙ ያለው ውጥረት 3 እጥፍ መሆኑ ቀርቶ ወደ 7 እጥፍ ይጠጋል። ፋይበሮቹ በ45 ዲግሪ ግራና ቀኝ ቢሰያፉ ደግሞ ወደ 2 ይወርዳል፤ ሰሌዳው በጉተታው በኩል ያለው ግትርነት ግን አብሮ ይወድቃል። እንግዲህ ፋይበር በራሱ መድኃኒት አይደለም። ያለ ቦታው የተኛ ፋይበር ቀዳዳውን ያባብሰዋል፤ ማጠናከሪያ የሚሆነው ኃይሉ በየት በኩል እንደሚዞር አውቆ ላነጠፈው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካውያኑ ዊትኒና ኑይስመር ሌላ እንግዳ ነገር አብራሩ፤ በፋይበር ሰሌዳ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ከትልቅ ቀዳዳ ያነሰ ጥንካሬ ይቀንሳል። የጠርዙ ከፍተኛ ውጥረት በሁለቱም እኩል ቢሆንም፣ በትንሹ ቀዳዳ ዙሪያ ያለው የተወጠረ ክልል ጠባብ ስለሆነ የሚሰበረው ፋይበር ጥቂት ነው።

ልጣፉን ከአውሮፕላን ላሜራ ጋር ያገናኘው የአውስትራሊያው አለን ቤከር ነው። በሜልቦርን የአቪየሽን ምርምር ቤተ ሙከራ ከባልደረቦቹ ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ የሲ-130 ሄርኩሊስ ክንፍ የተሰነጠቁ የአሉሚኒየም ሰሌዳዎችን በቦሮን ፋይበርና በኢፖክሲ ልጣፍ ጠገነ፤ ቀጥሎ የሚራዥ ተዋጊ አውሮፕላኖች ክንፍ መጣ። አንድም ሪቬት አልተበሳም። ቦሮን የተመረጠው በግትርነቱ ብቻ አይደለም። ካርቦን ከአሉሚኒየም ጋር እርጥበት ባለበት ሲነካካ እንደ ባትሪ ሆኖ አሉሚኒየሙን ያስበላዋል፤ ስለዚህ ካርቦን የሚለጠፍ ከሆነ በመካከሉ የመስታወት ፋይበር ንጣፍ መግባት አለበት። ከዚህም በላይ ካርቦን ሲሞቅ እምብዛም አይሰፋም፤ አሉሚኒየም ብዙ ይሰፋል። በ120 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት የተጣበቀ ልጣፍ ሲቀዘቅዝ አሉሚኒየሙ መኮማተር ሲፈልግ ልጣፉ ይይዘዋል፤ ላሜራውም ገና ሳይጫን ተወጥሮ ይቀራል። ቦሮን ከካርቦን ይልቅ ለአሉሚኒየም ጠባይ የቀረበ ስለሆነ ይህን ጉዳት ያቀልላል።

የሥራው ክብደት ያለው በማጣበቅ ላይ ነው። ላሜራው ቅባቱ ይጸዳል፣ ይፋቃል፣ ደረቅ የአሉሚና ብናኝ ይረጭበታል፣ ከዚያ ሬዚንን ከብረት ጋር የሚያስተሳስር ሳይሌን የሚባል ኬሚካል ይቀባል። የጽዳቱ መፈተኛ ቀላል ነው፤ ንጹሕ ውኃ ሲፈስስበት ሳይቆራረጥ እንደ ስስ ሽፋን ከተዘረጋ ላሜራው ንጹሕ ነው፤ ተሰብስቦ ነጠብጣብ ከሠራ ቅባት አለበት፣ ሥራው እንደገና ይጀመራል። አንድ የጣት አሻራ ይበቃዋል። ከዚያ ማጣበቂያው፣ በላዩ የፋይበሩ ንጣፎች፣ በላዩ ላስቲክ ይነጠፋሉ፤ ከሥሩ አየሩ ይመጠጣል፤ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ብርድ ልብስ ይከደናል። ንጣፎቹ እኩል አይቆረጡም፤ እያንዳንዱ ከሥሩ ካለው እያጠረ ሄዶ የልጣፉ ዳር ደረጃ በደረጃ ይሳሳል። ኃይል ከላሜራው ወደ ልጣፉ የሚገባው በዳሩ ባለች ጥቂት ሚሊ ሜትር ማጣበቂያ በኩል ስለሆነ ወፍራም ዳር ማጣበቂያውን ይነቅለዋል። ብልህ በያጅ የሻንሲውን ድርብ በሰያፍ የሚቆርጥበት ምክንያትና ይህ አንድ ናቸው። ልጣፉ በአንድ ጎን ብቻ ሲሆን ደግሞ ሰሌዳው ወደ አንድ ወገን መታጠፍ ይጀምራል፤ የሚቻል ከሆነ በሁለቱም ገጽ መለጠፍ የሚመረጠው ስለዚህ ነው።

የወሎ ሕዝብ ሄርኩሊስን በቅርብ ያወቀው በክፉ ቀን ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሀብ የብሪታንያ አየር ኃይል ሄርኩሊሶች ወደ ሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል እህል አመላልሰዋል፤ መሬት በማያሳርፍበት ቦታም ከአየር ላይ ጥለዋል። ባልተነጠፈ ሜዳ እየወረደ በሙሉ ጭነት የሚነሣ አውሮፕላን ክንፉ ከሌላው ይልቅ ይደክማል፤ እንዲህ ያለ ሥራ ከሚሠራ አውሮፕላን ላይ ሸክም የሚቀንስ ጥገና መገኘቱ በወረቀት ላይ ያለ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። 

እ.ኤ.አ. በ1993 ነገሩ በአንድ አውሮፕላን ዓይነት ላይ በጅምላ ተፈተነ። የአሜሪካው ሲ-141 ክንፍ ውስጡ የነዳጅ ማጠራቀሚያ ነው፤ በታችኛው ሰሌዳ ላይ በቆሙት ማጠንከሪያዎች ነዳጅ ከክፍል ወደ ክፍል እንዲያልፍ ትንንሽ ቀዳዳዎች ተበስተዋል። በእነዚህ ቀዳዳዎች ጠርዝ ላይ ስንጥቅ ተገኘና ብዙ አውሮፕላኖች ከበረራ ታገዱ። ክንፉን መለወጥ ውድ ነበር፤ ማጠንከሪያውን በሪቬት መደረብ ደግሞ በድካም ላይ ድካም መጨመር ነው። የተሰነጠቀው ጠርዝ ተፍቆ፣ ቀዳዳው ተስተካክሎ፣ በዙሪያው የቦሮን ልጣፍ ተለጠፈ። በመቶዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ጥገናዎች ተደርገዋል፤ ቀዳዳን በፋይበር የማጠናከር ሥራ በዚህ መጠን የታየው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ዘዴው ከአውሮፕላን ወደ ግንባታ ተሻግሯል፤ ያሻገረውም ያልታሰበበት ቀዳዳ ነው። በስዊዘርላንድ ሉሰርን አጠገብ ባለው የኢባኽ ድልድይ ላይ የትራፊክ ምልክት ለመትከል ሲበሳ በኮንክሪቱ ውስጥ የተወጠረው የብረት ገመድ ተጎዳ። ኡርስ ማየር የሚመሩት የኤምፓ ተቋም ቡድን እ.ኤ.አ. በ1991 የካርቦን ፋይበር ሰሌዳዎችን ከድልድዩ ሥር በኢፖክሲ ለጠፈ። በብረት ላሜራ ቢሆን 175 ኪሎ ግራም ይፈጅ የነበረው ሥራ በ6.2 ኪሎ ግራም ካርቦን ተጠናቀቀ።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደግሞ ፋይበሩን ቀጥ አድርጎ ከማንጠፍ ይልቅ ከኃይሉ ጋር ማጠምዘዝ ተጀመረ። በድሬስደን የተዳበረው ዘዴ የጥልፍ ማሽን ተጠቅሞ የካርቦን ክሩን በጨርቅ ላይ በተፈለገው መስመር ይሰፋል፤ ልብስ ሰፊ የአዝራር ቀዳዳን ጠርዝ በክር ዞሮ እንደሚያጠነክረው ሁሉ፣ ማሽኑም ክሩን በቀዳዳው ዙሪያ ያዞራል። ልዩነቱ፣ የካርቦኑ ክር ጠርዙን ከመተልተል ማዳኑ ብቻ ሳይሆን ኃይሉን ራሱ ተሸክሞ ቀዳዳውን ያሻግረዋል። ጨርቃ ጨርቅና መካኒካል ምህንድስና በአንድ ጠረጴዛ የሚገናኙበት ሥራ ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገኝባት ከተማም የፈታይና የሸማኔ ማሽንን ከብረታ ብረት ፋብሪካ ጎን ለጎን ይዛለች፤ ለዚህ ዘርፍ ምርምር ከኢትዮጵያ ከተሞች መካከል ከኮምቦልቻ የተሻለ መነሻ ያለው ጥቂት ነው።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ ቦይንግ 787ን ተረከበ። በዚህ አውሮፕላን ላይ ጥያቄው ተገልብጧል፤ የፋይበር ልጣፍ የሚለጠፍበት የአሉሚኒየም ገላ የለም፣ ገላው ራሱ ካርቦን ፋይበር ነው። ከመዋቅሩ ክብደት ግማሽ ያህሉ ውህድ ቁስ ነው። መስኮቶቹ 27 በ47 ሴንቲ ሜትር ሆነው ከሌሎች አውሮፕላኖች መስኮት ሰፍተዋል፤ በዙሪያቸው ያለው ማጠናከሪያ ክፈፍም ከተቆራረጠ የካርቦን ፋይበርና ሬዚን በቅርጽ ተጭኖ የተሠራ ነው። ብረት የሚደክምበት ዓይነት ድካም በካርቦኑ ላይ እምብዛም ስለማያስቸግር መስኮቱን ማስፋት ተቻለ።

ፈተናው ቶሎ መጣ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 2013 በለንደን ሂትሮው ቆሞ የነበረ፣ ሰው ያልነበረበት የኢትዮጵያ 787 ከኋላ በኩል በጣሪያው ላይ ተቃጠለ። የብሪታንያ የአየር አደጋ መርማሪዎች እሳቱ የተነሣው ከድንገተኛ አደጋ ምልክት አስተላላፊው የሊቲየም ባትሪ መሆኑን አገኙ፤ የባትሪው ሽቦዎች በክዳኑ ሥር ተቆንጥጠው ነበር። ሙቀቱ የገላውን ሬዚን አቃጥሎ ጣሪያውን ጎዳ። በአገልግሎት ላይ ባለ የካርቦን ገላ ላይ እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያለ ሰፊ ጉዳት አልተጠገነም ነበር። ቦይንግ ጥገናውን በዚያው በሂትሮው አከናወነ፤ አውሮፕላኑ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወደ ሥራ ተመለሰ። የተቃጠለ ወይም የተመታ የካርቦን ገላ በሁለት መንገድ ይጠገናል። አንደኛው አዲስ ቁራጭ ደርቦ በብሎን ማሰር ነው። ሁለተኛው የቀዳዳውን ዳር በእጅግ ዝርግ ተዳፋት መፋቅና አዲስ ንጣፎችን እያንዳንዱን ከቀድሞው አቻው ጋር በአንድ አቅጣጫ እያስተኙ ማጣበቅ ነው፤ ለ1 ሚሊ ሜትር ውፍረት 20 ወይም 30 ሚሊ ሜትር ወርድ ይፋቃል። ሁለተኛው ለዓይን ያማረና ለኃይሉ የተመቸ ነው፤ ነገር ግን ማጣበቂያው ደካማ መሆኑን ከውጭ ሆኖ በእርግጠኝነት የሚነግር መሣሪያ የለም። አልትራሳውንድ ክፍተትን ያሳያል፤ የተነካካ ግን ያልተጣበቀ ገጽን አያሳይም። የአቪየሽን ባለሥልጣናት ልጣፉ ቢነቀል እንኳ አውሮፕላኑ በአገልግሎት ዘመኑ ሊገጥመው የሚችለውን ከፍተኛ ጭነት ተሸክሞ እንዲያርፍ የሚጠይቁት ስለዚህ ነው።

ዛሬ ኮምቦልቻ የሚያርፉት የአየር መንገዱ ዳሽ 8 ኪው400 አውሮፕላኖች ገላቸው አሉሚኒየም ነው፤ የሚነዷቸው ስድስት ስድስት ቅጠል ፕሮፔለሮች ግን ከውህድ ቁስ የተሠሩ ናቸው። ከአየር ማረፊያው ውጭ ባሉት የሁለቱ ከተሞች ሕንፃዎች ደግሞ ቀዳዳው በሌላ መልክ መጥቷል፤ እዚህ ሰሌዳው የኮንክሪት ወለል ነው። ለሱቅ የታሰበ ፎቅ ሆቴል ይሆናል፣ ወይም ሁለት ወለሎች በውስጥ ደረጃ ይገናኛሉ፤ ወለሉ ይቆረጣል። ከኮንክሪቱ ጋር በውስጡ ያለው ፌሮም ይቆረጣል። አዲስ ወለል ሲሞላ መሐንዲሱ የጎደለውን ፌሮ በቀዳዳው ግራና ቀኝ ይተካል፣ በአራቱም ጥጎች ላይ ሰያፍ ፌሮ ይጨምራል፤ ስንጥቅ ከጥጉ በ45 ዲግሪ ስለሚነሣ። በደረቀ ወለል ላይ ግን ፌሮ መጨመር አይቻልም። የካርቦን ፋይበር ጥብጣብ ከወለሉ ሥር በቀዳዳው አራት ጎኖች ተጋድሞ፣ በጥጎቹም ሰያፍ ተደርጎ በኢፖክሲ ይለጠፋል። ደሴና ኮምቦልቻ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጫፍ ላይ ናቸው፤ ከኮምቦልቻ በስተደቡብ በካራቆሬ እ.ኤ.አ. በ1961 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ መንደሮችን አፍርሶ ዋናውን መንገድ ሰነጣጥቋል። ወለል የራሱን ጭነት ከመሸከም አልፎ በመንቀጥቀጥ ጊዜ ምሰሶዎችን አስተሳስሮ የሚይዝ ሰሌዳ ስለሆነ፣ በእነዚህ ከተሞች ያለ ስሌት የሚቆረጥ ወለል ከሌላ ቦታ ይልቅ አደገኛ ነው።

ለኮንክሪቱም የሚሠራው ያው የአውሮፕላኑ ጥንቃቄ ነው። ተራ የግንባታ ኢፖክሲ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ይለሰልሳል፤ በእሳት አደጋ ጊዜ ጥብጣቡ ሥራውን የሚያቆመው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። የአሜሪካ ኮንክሪት ኢንስቲትዩት መመሪያ ጥብጣቡ ባይኖር እንኳ የተቆረጠው ወለል የቋሚ ጭነቱን 1.1 እጥፍ ከተንቀሳቃሽ ጭነቱ 0.75 ጋር መሸከም እንዳለበት ይደነግጋል። ይህን ማለፍ ያልቻለ ወለል ከመለጠፉ በፊት በቀዳዳው ዙሪያ የብረት ወይም የኮንክሪት ተሸካሚ ሊገባለት ይገባል።

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች አሁን የሚጠኑት ፋይበሮች በአብዛኛው ከአገር የሚገኙት ናቸው፤ ቃጫ፣ የእንሰት ጭረትና ቀርከሃ። የቃጫ ፋይበር ግትርነት ከ10 እስከ 20 ጊጋፓስካል አካባቢ ነው፤ ከብረት በአሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ያንሳል፤ ውኃም ይመጥጣል። የተበሳ ብረት ላይ ቢለጠፍ ሸክሙ ከብረቱ ላይ አይነሣም። ለበር፣ ለጣሪያ ውስጥ ሰሌዳ፣ ለመኪና የውስጥ ሽፋን ግን ይበቃል፤ በእነዚህ ሰሌዳዎች ላይም ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ አለ። በዚያ ቀዳዳ ዙሪያ ጥቂት የመስታወት ፋይበር ንጣፍ በ45 ዲግሪ ደርቦ ሰፋ ያለ ሮንደላ ማስገባት የቃጫውን ሰሌዳ በብሎኑ ጭንቅላት ሥር ከመሰባበር ያድነዋል።